ሳይሳለሙት የማይገለጥ

መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ማንበብ ትተዋል። አላምንም የሚል ቢኖር አይፈረድበትም፤ ሰውየው እኮ እህል ሳይቀምሱ ይውሉ እንደሁ እንጂ ሳያነቡ አይውሉም ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፣ መነጽሩም አልረዳ ብሏል፤ ይኼን ማመን ግን ሞታቸው ነው። "ያነበብሁት ይበቃኛል" ይላሉ፤ ከዚያ ግድግዳ ሲያዩ ይውላሉ። ልጃቸው እፀገነት ለበዓል መካነ ሰላም መጥታ ይኼን ስታይ አባቷ በቁማቸው ከእጇ እየወጡ ያሉ መሰላት።

የምታስተምረው ኩታበር ነው። ወደዚያ ስትመለስ ደሴ ወረደችና ፋሩቅ የሚባል የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ ዘንድ ገባች። ለአባቷ ማንበቢያ እንደምትፈልግ ስትነግረው፣ ነጋዴ አይደል፣ መጀመሪያ አብረቅራቂ ታብሌት መዘዘ።

"ይኼማ ዓይናቸውን ያስለቅሳቸዋል" አለችው።

ያኔ መጽሐፍ ብቻ የሚነበብባቸው፣ ገጻቸው እንደ ወረቀት የሆነ ሁለት ዕቃዎች አወጣ። የአንዱ ገጽ በቁልፍ ይገለጣል፤ ፊደላችንን ግን ሳጥን ሳጥን አድርጎ አረፈው። ሌላው በጣት ሲነኩት ይገልጣል፤ ግዕዙን ቁልጭ አድርጎ አሳየ፤ ፊደሉንም የፈለጉትን ያህል ያሳድጋል።

"አብሽሪ እህቴ፣ የአባትሽ ይኼ ነው። ወላሂ ይመርቁሻል" አላት። አባቷ በየዕለቱ የሚያነቡትን ስንክሳር አስጭና ወደ መካነ ሰላም ይዛው ሄደች።

መሪጌታ እጃቸውን ታጥበው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀበሏት። ፊደሉን ቀረብ ብለው አዩት።

"ይታየኛል" አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያ እንደ ልማዳቸው ሊጀምሩ ሲሉ ተሳለሙት። ከንፈራቸው ሲነካው ገጹ ተገልጦ እልም አለ። እፀገነት መለሰችላቸው፤ ተሳለሙ፣ አሁንም እልም። በሦስተኛው ጺማቸውም ነካው መሰል፣ ጭራሽ ሌላ ቀን ላይ ጣላቸው።

"ልጄ፣ ይኼ ነገር አልወደደኝም" ብለው ጭኗ ላይ አኖሩት።

"አባዬ፣ ሳይሳለሙ ቢያነቡትስ?"

"ሳልሳለም ገልጬ አላውቅም። አሁን በእርጅናዬ ልጀምር?"

አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ያን ሁሉ ስትመርጥ ዓይናቸውን እንጂ ከንፈራቸውን አላሰበችም። እንባዋ መጣ፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

መሪጌታ ግን አዩዋት። ለዚህ ለዚህ ዓይናቸው መች ደከመ! ልጅ በማቆላመጥ የሚታሙ ሰው አይደሉም፤ እፀገነት ካደገች ወዲህ ሰላምታቸው እንኳ ከትከሻ አያልፍም። አሁን ራሷን ሳብ አድርገው ግንባሯን ሳሙት፣ ቆየት ብለው፣ መጽሐፍ እንደሚሳለሙት።

"እሱ እንቢ ካለ ያመጣችልኝን እሳለማለሁ። በይ መልሺልኝ" አሏት።

አነበቡም። ድምፃቸው መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ቤቱን ሞላው። እፀገነት እንባዋን መጥረግም ረሳች።

ሲጨርሱ አንድ ነገር አሳሰባቸው። "ሰኞ ስትሄጅስ ማንን ልሳለም ነው?"

ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ምስር ከሚለቅሙበት ቀና ሳይሉ፣ "እኔ የት ሄጄ?" አሉ።

መሪጌታ ነጠላቸውን እንደገና አስተካከሉ።

ማክሰኞ ጠዋት እፀገነት ከኩታበር ደወለች። ስልኩን ያነሱት እናቷ ነበሩ።

"ኋላ ደውይ ልጄ" አሏት ቸኮል ብለው። "አባትሽ ሊያነቡ ነው፤ እኔን እየጠበቁ ነው።"