የቬርና እግር

ሎሬታን የቬርና እግር ገና መኪናው ውስጥ ሳለች ሸተታት። እግሩ ያለው ግን ሃያ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በአረጋውያን መጦሪያው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር።

«ፊትሽን ምን ያጨማድድሻል?» አለቻት መኪናውን የምትነዳው ስቴፊ።

«ምንም።»

«ዛሬም ሆዴን ቆረጠኝ ብለሽ ከበር ብትመለሺ፣ ቤትሽ የምትገቢው በእግርሽ ነው። አልመልስሽም።»

ሎሬታ ሰባት ሳምንት ሙሉ ሰበብ ስትደረድር ከርማለች። ጉንፋን ያዘኝ፣ መንገዱ ያንሸራትታል፣ የልጅ ልጄ ልትመጣ ነው። እውነቱ ግን መጸየፍ ነበር። የቬርናን እግር ስኳር በልቶት ቁስሉ አልድን ብሏል። ባለፈው ስትሄድ ፋሻው ሲፈታ አየች፤ ታችኛው ፋሻ ከሥጋው ጋር ተጣብቆ እየተላጠ ሲመጣ አፏን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ሮጠች። ቬርናም አየቻት። ከዚያ ወዲህ ሎሬታ ሌሊትም ቀንም ራሷን ከቁስሉ ይበልጥ ስትጸየፍ ኖራለች። አሁን ሐኪሙ ቬርና ሳምንቱን አታልፍም ብሏል። ዛሬ ካልገባች በሕይወት ላታገኛት ትችላለች።

ድሮ አራት ነበሩ። ሃምሳ ዓመት በብርዱ ወራት ሁሉ በከተማቸው የበረዶ አዳራሽ ከርሊንግ የሚባለውን የድንጋይ ጨዋታ ተጫውተዋል። ሜቪስ ከባዱን ድንጋይ በበረዶው ላይ ታንሸራትታለች፣ ሎሬታና ስቴፊ ፊት ፊቱን እየሮጡ በመጥረጊያ ያለሰልሱለታል፣ አለቃቸው ቬርና ደግሞ ከወዲያኛው ጫፍ ቆማ ትጮህባቸዋለች። ሜቪስን ከቀበሩ ሦስት ዓመት ሆነ። መጋቢት ማብቂያ ላይ፣ የጨዋታው ወቅት አልቆ የአዳራሹ በረዶ በሚነሳበት ቀን፣ ሁልጊዜ አብረው ይበሉ ነበር። ቀኑ ዛሬ ነው፤ ስቴፊም ፔሮጊ የሚባለውን ድንች የተሞላ የሊጥ ጥቅል ቀቅላ በሽንኩርት ጠብሳ ይዛለች።

መጦሪያው የሽንትና የበረኪና፣ የበሰበሰ ጎመንም ሽታ ነበረው። በር ላይ አንዲት ወጣት አስታማሚ አንድ ሽማግሌ አፍ ላይ ሾርባ የሞላ ማንኪያ ይዛ፣ «እሰይ፣ የኔ ማር፣ ጎበዝ ልጅ!» ትላለች። ሰውየው ድልድይ ሲሠራ የኖረ መሐንዲስ ነው። ሎሬታን ከሾርባው ይልቅ ይህ የሕፃን ማባበያ አጥወለወላት። ከግድግዳው ሣጥን ጓንት አወጣችና አጠለቀች፤ በላዩ ሌላ ደረበች። ጭንብልም አደረገች።

«ልታዋልጂ ነው እንዴ?» አለች ስቴፊ።

ቬርና ትራሱ ላይ ጭብጥ አክላ ተኝታለች። ዓይኖቿ ግን የድሮዎቹ ናቸው።

«ስቴፊ፣ ይህችን ከየት አመጣሻት? ፍሳሽ ልትጠግን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ ቬርና።»

«አውቄሻለሁ። ሰባት ሳምንት ሆነሽ።»

«ጉንፋን ይዞኝ…»

«ተይ እባክሽ። የልጆችሽን ዳይፐር እንኳ የለወጠው ባልሽ ነው። ሜቪስ ዓሣ ስትበልት ጀርባሽን ሰጥተሽ ግድግዳ ታይ የነበርሽ ሰው አይደለሽም?»

ስቴፊ ሳቀች። ሎሬታ አልሳቀችም፤ በጭንብሉ ውስጥ በአፏ ነበር የምትተነፍሰው፣ ያም ሆኖ ሽታው ምላሷ ላይ ተቀመጠ። ፔሮጊው በክሬም ቀረበ። ቬርና መዋጥ አልቻለችም፤ ክሬሙን ብቻ ላሰች። ከአገጯ ወርዶ ከምራቋ ጋር እጇ ላይ ተዝረከረከ። ሎሬታ ወደ ግድግዳው ዞር ልትል ስትል ራሷን ያዘች።

ቬርና ሳህኑን ገፋችው። «በቃ፣ ይህን ጨዋታ አላሸንፈውም» አለችና ያንኑ እጇን ዘረጋች።

ሁለቱም ገባቸው። በእነሱ ጨዋታ፣ መሸነፉን ያወቀ አለቃ የመጨረሻው ድንጋይ እስኪወረወር አይጠብቅም፤ ጓንቱን አውልቆ እጁን ይዘረጋል፣ ተጨባብጠው ይለያያሉ። ነውር የለበትም። ስቴፊ ቀድማ ጨበጠቻትና ግንባሯን ሳመቻት። ከዚያ ሎሬታ እጇን ዘረጋች፤ ድርብ የጎማ ጓንት የለበሰውን።

ቬርና እጇን ሰብስባ ብርድ ልብሱ ላይ አኖረችው።

«በጓንት?» አለች ቀስ ብላ።

በጓንት የሚጨብጥ ሰው አዳራሹ ውስጥ ዳግም ሰላምታ አይሰጠውም ነበር። ሎሬታ ፊቷ ጋለ። የላይኛውን ገፈፈችው፤ የታችኛው በላብ ተጣብቆ እንቢ ስላላት በጥርሷ ልትይዘው ጭንብሉንም አወረደች። ሽታው ሙሉ በሙሉ ገባ። የቬርናን እጅ ያዘችው። ትኩስ ነበር፣ ያሙለጨልጫል፣ ጣቶቹ መሃል ክሬም አለ።

«አስጠላሁሽ?» አለች ቬርና።

«በጣም።»

ቬርና እስኪያስላት ሳቀች። «እዚህማ ቀኑን ሙሉ የኔ ማር ይሉኛል። አትልቀቂኝ እንግዲህ።»

አልለቀቀቻትም። ቬርና እንቅልፍ እስኪወስዳት ሎሬታ፣ ስቴፊ የምታጎርሳትን ፔሮጊ በግድ እየዋጠች፣ አርባ ደቂቃ ያህል ይዛት ቆመች፤ ሽታውን አልለመደችውም። መኪና ማቆሚያው ላይ በቀረው በረዶ ላይ አስመለሰች። ስቴፊ የኮቷን ኮሌታ ይዛ፣ «ፔሮጊዬን አባከንሽው» አለቻት፤ ከዚያ፣ «ነገስ?»

«በጠዋት ውሰጂኝ» አለች ሎሬታ።

በማግስቱ ሄደች፣ አሁንም አስጠላት፤ በባዶ እጇ ይዛት ዋለች። በሦስተኛው ቀን ሲደርሱ ፍራሹ ተራቁቶ፣ ስሟ ከበሩ ተነሥቶ፣ ክፍሉ ውስጥ የሎሚ ሽቶ ተረጭቶ ነበር። አስታማሚዋ እጆቿን አጣምራ፣ «የኛ ማር በሰላም አንቀላፋች» አለች።

ሎሬታን ከሰማችውም ከሸተታትም ሁሉ ይበልጥ ይህ አንገፈገፋት። «ስሟ ቬርና ነው» አለችና የሎሚው ሽቶ እንዲወጣ መስኮቱን ልትከፍት ሄደች።