ቀዩና ጥቁሩ

ዜማ በክሊኒኩ ካርድ ክፍል ኮምፒውተር ላይ፣ የታካሚ ስም በሚጻፍበት መፈለጊያ ውስጥ ለሙከራ አንዲት አጭር ትእዛዝ ጻፈች። የአራት ሺህ ሰው ስም ከነበሽታው ስክሪኑ ላይ ግልብጥ ብሎ ወጣ።

"ኧረ ጉድ ፈላ!" አለች የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ የሺመቤት። "የኔም አለበት?"

"የሁላችንም አለበት እቴ።"

ፕሮግራሙን የታካሚዎች መረጃ ከተከማቸበት ዳታቤዝ ጋር የሚያያይዘውን ማገናኛ የጻፈችው ራሷ ዜማ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ባሕር ዳር ላይ አንገቷን ቀና አድርጋ የሄደችበት ሥራ ነው፤ መራዊና ዱርቤቴም ያሉ ክሊኒኮች ወስደውታል። ነገ ደግሞ የሐሙሲቱ ክሊኒክ ሊመረቅ ነው። አሁን ማንም ክፉ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የሰው ገመና ሊያነብ ይችላል! እፍረቱ ጆሮዋ ድረስ አቃጠላት።

ለአለቃዋ ለአምባቸው ደውላ ነገረችው። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ማን አወቀብሽ? ከምርቃቱ በኋላ ቀስ ብለሽ ትጠግኚዋለሽ። ስምሽንም እንጀራሽንም በገዛ እጅሽ አታጥፊ።"

ስልኩን ዘግታ ወጣች። አባቷ መሪጌታ ኪዳነ ወልድ ዓይናቸውን ሊታዩ ከዘጌ በጀልባ መጥተው ኮሪደሩ ላይ ወረፋ ይዘዋል።

"ምነው ፊትሽ ጠቆረ ልጄ?"

"አባባ፣ የሠራሁት ፕሮግራም ስምና ትእዛዝ አይለይም። ስም ጻፉልኝ ብሎ ሰው ትእዛዝ ቢጽፍለት ይታዘዛል።"

መሪጌታ ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። "በቅዳሴው መጽሐፍ 'ካህኑ ይበል' የሚለው በቀይ፣ ጸሎቱ በጥቁር ይጻፋል። ያንቺው ቀዩንና ጥቁሩን ደባልቆታል በይኛ!"

"እንዲያ ነው! ልክ እንዲያ!" በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሀል ሳቋ አመለጣት። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንኳ እንዲህ አጥርቶ ያስረዳት አልነበረም።

"ግድፈቱን ማን አገኘው?"

"እኔው ነኝ ያገኘሁት።"

መሪጌታ ወደ ወረፋው ዞሩ። "ሰማችሁ? የገዛ ግድፈቷን ራሷ ያገኘች ልጅ የኔ ናት! እኔ እንኳ ተማሪ ሲያርመኝ ስንት ቀን አኩርፌያለሁ!" ወረፋው በሳቅ አውካካ። ዜማ አፈረች፤ ደስም አላት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ከዚሁ የተቀዳ ሌላ ቦታ አለ?" አሏት።

ዜማ ወደ ካርድ ክፍሉ ተመልሳ ገባች። የሺመቤትን የወረቀት ካርዶቹን እንድታወጣ ነገረቻት፤ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀለች፤ መራዊ ላለው ክሊኒክ ደወለች።

"ዜማ ነኝ፣ ማገናኛውን የጻፍሁት። ጥፋቱ የኔ ነው። አሁኑኑ መስመሩን ንቀሉት፤ ለታካሚዎቻችሁም ንገሯቸው። ማን ጻፈው ካሏችሁ፣ ስሜን ጥሩ።"