የእሁዱ ፎቶ

«ታዲያ መቼ ነው የምትሰጠኝ?» አለ ፎቶ አታሚው፣ ሻዩን እያማሰለ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

«እሰጥሃለሁ አልኩህ እኮ» አለ ፌንጣ።

«ትናንትም እንደዚሁ ነው ያልከኝ። ነገ ሰዉ ይበተናል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካላመጣህልኝ ማሽኔን አጥፍቼ እሄዳለሁ፤ ከዚያ ፍሬሙ ውስጥ ራስህ ግባበት።»

አጠገባቸው የተቀመጡት ሽማግሌ ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል ወደ ሳል ቀየሩት። ለቅሶ ቤት ሳቅ የሚወጣው በሳል በኩል ነው።

ፌንጣ ስልኩን ከኪሱ አወጣና ገለበጠው፤ ምንም ሳያይ መልሶ ከተተው። በስልኩና በከቨሩ መሃል አንዲት ጠፍጣፋ ካርድ አለች። የካሜራ ሚሞሪ ናት። አራት ቀን ሙሉ የደወለ ሁሉ «እግዜር ያጽናህ» ሲለው፣ እሷ ከከቨሩ ስር መዳፉን ትቆረቁረዋለች።

የሞተው ታላቅ ወንድሙ ነው። ቀለም ቀቢ ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ ቡሩሽ ነው የሚለው። ፌንጣ ከሱ ጋር ይሠራ ነበር። ወንድሙ ከመቀባቱ በፊት ፌንጣ ግድግዳውን በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፣ በትርፍ ጊዜው ደግሞ ሰው ያናድዳል። በሁለተኛው ሥራ የተሻለ ስም አለው።

ጠረጴዛው ላይ የቡሩሽ ፎቶ ቆሟል። ከመታወቂያ ላይ ተነስቶ ትልቅ የተደረገ ነው፤ አንዱ ዓይን ተከድኗል፣ ሌላው ሊከደን ነው።

«ሲያስነጥስ ነው እንዴ ያነሱት?» ብላ ነበር እናትየው በመጀመሪያው ቀን። «ይሄ ልጄን አይመስልም። ፌንጣ እሁድ ያነሳው አለ። እኔው ፊት ነው ያነሳው። እሱን አሳትሙልኝ።»

ከዚያ ወዲህ የመጣ ሰው ሁሉ የእሁዱን ፎቶ ይጠብቃል።

*

ካሜራው የተገዛው ከሦስት ወር በፊት ነው። ቡሩሽን ያንገበገበው አንድ ነገር ነበር።

«ቤት ቀብቼ እወጣለሁ፣ ባለቤቱ ይገባና ግድግዳዬ ላይ ቁም ሳጥን ይደቅንበታል። የሠራሁትን ሁለተኛ አላየውም።»

በስልኩ አንስቶ ሞክሯል። መብራት ባልገባበት ቤት ውስጥ ስልኩ ግራጫውን ሰማያዊ፣ ነጩን ቢጫ ያደርግበታል። ያንን ቀለም ለመበጥበጥ ግማሽ ቀን የለፋ ሰው፣ እንዴት አይናደድ።

ካሜራ ቤት ሲገቡ ሻጩ ጡብ የሚያክል አንድ አወጣላቸው። «ባለሙያ የሚይዘው ይሄን ነው።»

ቡሩሽ መዘነው። «ይሄን ይዤ መሰላል ከወጣሁ እኔን የሚይዝ ሌላ ሰው ልቀጥር ነው።»

«ቀለም ቀቢ ነህ?»

«ጫማዬን አላየኸውም?»

ሻጩ ጫማውን አየና ከታችኛው መደርደሪያ ትንሿን አወጣ። «ይቺ ሚረርለስ ናት። ውስጧ መስታወት የላትም፣ ለዚህ ነው የቀጠነችው። ግን ፉል ፍሬም ናት። ሴንሰሯ ከዚያ ከትልቁ እኩል ነው።»

«ሴንሰር ምንድነው?»

«ብርሃኑ የሚያርፍበት።»

ቡሩሽ አሰበበት። «ግድግዳው ነዋ። ሰፊ ግድግዳ ብዙ ብርሃን ይቀበላል።»

«እኔ እንደዚህ ብዬ አስረድቼ አላውቅም» አለ ሻጩ። «ጀማሪ ስለሆንክ አንድ አጭር ሌንስ ይበቃሃል። ለጊዜው አውቶ ላይ አድርገህ አንሳ፤ ሁሉንም ራሷ ታስተካክላለች። ሲሰለችህ ቁልፎቹን ትነካካለህ።»

ቡሩሽ በአንድ እጁ ያዛት። በሌላው እጁ መሰላል የያዘ ይመስል ክንዱን ከፍ አደረገ። ገበያተኛው ሁሉ እያየው እዚያው እንደቆመ የሱቁን ጥግ አነሳ። ምስሉ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለና ጠፋ።

«የት ሄደ?»

«ማሳያ ናት፤ ሚሞሪ የለባትም። ሚሞሪ ከሌለ ጠቅ ትላለች እንጂ አትይዝም።»

ቡሩሽ ይሄን ልብ አላለውም፤ ጣሪያው ምን ዓይነት ነጭ እንደሆነ እያየ ነበር። ፌንጣ ግን ሰማ። ለተንኮል የሚሆን ነገር ጆሮው አይስትም።

ከዚያ በኋላ ካሜራዋ ከቡሩሽ ቱታ ደረት ኪስ አልጠፋችም። በሁለተኛው ቀን ጎኗ ላይ የነጭ ቀለም አውራ ጣት ታተመባት፤ አልጠረገውም። ምሳ ሰዓት ላይ ዳቦውን በግራ እጁ ይዞ በቀኙ ያነሳል። ከመስኮት ገብቶ እርጥብ ግድግዳ ላይ የተኛ ብርሃን፣ የመሰላል ጥላ፣ ባልዲ ውስጥ ገና ያልተቀላቀለ ቀይ። «ና እስኪ እይ፣ ግራጫው ግራጫ ሆኗል» ይላል፣ ሎተሪ እንደወጣለት።

ሰው ግን አያነሳም።

«ሰው ካሜራ ሲያይ ፊቱን ይቀባል» ይላል። «እኔ ቀኑን ሙሉ የተቀባ ነገር ሳይ ነው የምውለው።»

*

እሁድ ጠዋት ቡሩሽ ፊቱን እየታጠበ ሳለ ፌንጣ ሚሞሪዋን ከካሜራው አወጣ። የራሱ ስልክ ከቨር ውስጥ ደበቃት። ማታ ቡሩሽ ፎቶዎቹን ሊያይ ሲከፍት፣ ባዶ ሲሆንበት፣ አልጋ ሲገለብጥ፣ ኪሱን ሲያራግፍ ይታየዋል። ከዚያ «ይቺን ነው የምትፈልገው?» ይለዋል። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነበር።

ቡሩሽ ግን ተላጭቶ፣ ሸሚዝ ተኩሶ ወጣ። ግቢ ውስጥ፣ ለእናቱ ራሱ በቀባው ግድግዳ ስር አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ሄዶ ተቀመጠ።

«አንድ ደህና አንሳኝ። ለእማዬ ነው። የመታወቂያውን እያየች ትነጫነጫለች።»

ያኔ መናገር ይችል ነበር። ካርዷን ማውጣትና መክተት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ግን ቀልዱ ሊበላሽ ነው። እናቱም በሩ ላይ ቆማ ታያለች።

ፌንጣ ሰባት ጊዜ ጠቅ አደረገ።

«እንዴት ነው?» አለ ቡሩሽ።

«አንደኛ። ሙሽራ መስለሃል።»

የመጨረሻው ስክሪኑ ላይ ለአፍታ ቆየ። እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው፤ ሳቁ ከአፉ ዳር ጀምሯል። ከዚያ ጠፋ። ማታ ቡሩሽ ደከመኝ ብሎ በጊዜ ተኛ። «ነገ ይደርሳል» አለ ፌንጣ ለራሱ።

ሰኞ ከሰዓት ቡሩሽ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ቀለም ይበጠብጣል። ማማሰያው ቆመ። አንገቱን ደፋ። ፌንጣ ከወዲያ ጥግ ስፖንጅ ወረወረበት።

«ተው ባክህ፣ እንደዚህ መቀለድ የኔ ሥራ ነው» አለው።

ቀና ሳይል ሲቀር ሌላ ስፖንጅ ወረወረበት።

ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። ስለ ስፖንጁ ፌንጣ ለማንም አልተናገረም።

*

«ሸጦት ይሆናል» የሚል ሹክሹክታ ከጓዳው መጋረጃ በስተኋላ መጣ። የአክስትየው ድምፅ ነው፤ ስታንሾካሹክ ጎረቤት ይሰማል። «እሱ ልጅ መቼ ይታመናል? ካሜራውን ከነፎቶው ሸጦታል።»

«ልጄ አልሸጠም» አለች እናትየው። «እንዲያው መስጠቱ ከብዶት ነው።»

ፎቶ አታሚውም ሰምቷል። ብርጭቆውን አስቀመጠና ወደ ፌንጣ ጠጋ አለ። «ስማ። ሚሞሪው ተቃጥሎ እንደሆነ ንገረኝ። ይቃጠላል እኮ። እኔ ለእናትህ አስረዳልሃለሁ። የማንም ጥፋት አይደለም።»

ፌንጣ ቀና ብሎ አየው። በሕይወቱ ብዙ ውሸት ራሱ ፈጥሯል፤ እንዲህ ተሠርቶና ተጠቅልሎ የቀረበለት ግን ይሄ የመጀመሪያው ነው። እሺ ቢል በቃ። እናቱ ትንሽ ታለቅሳለች፣ አክስቱ ዕቃውን ትረግማለች፣ እሱም ነፃ ይወጣል። ተንኮሉን የሚያውቅ ሰው በሕይወት የለም።

«አልተቃጠለም» አለ።

ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባ። እናቱ ብርጭቆ ታለቀልቃለች፤ አክስቱ ታደርቃለች።

«እማ፣ ለብቻሽ ላናግርሽ።»

አክስትየው ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ እያጉረመረመች ወጣች።

«ፎቶው የለም» አለ። «ሸጬው አይደለም። ካሜራው ባዶ ነበር። ሚሞሪውን እኔ ነኝ የደበቅኩበት፣ ላናድደው ብዬ። ማታ ልነግረው ነበር።»

እናትየው ቧንቧውን ዘጋች።

«ስታነሳው ባዶ መሆኑን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እሱስ?»

«እሱ አያውቅም።»

«ሰባት ጊዜ ነው ያነሳኸው። እኔ ቆሜ ቆጥሬያለሁ።»

ከሳሎን የሽማግሌው ሳል ይሰማል፤ አሁን የእውነት ሳል ነው።

«ደስ ብሎት ነበር የተቀመጠው?» አለች።

«ደስ ብሎት ነበር፣ እማ።»

እጇን በቀሚሷ አደራረቀች። አላቀፈችውም፣ አልመታችውምም። ብትመታው ይሻለው ነበር።

«የደበቅከው ላይ ምን አለበት?»

«ግድግዳ። መሰላል። ባልዲ። ሰው የለበትም።»

«ካሜራውን ይዘህ ና።»

ይዞ ሲወጣ እናቱ ግቢ ውስጥ፣ ግድግዳው ስር ቆማለች። እንግዶቹ በመስኮት ያያሉ። ፎቶ አታሚውም ብርጭቆውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል።

«ካርዱን አሳየኝ» አለች፣ መዳፏን ዘርግታ።

የስልኩን ከቨር ፈልቅቆ አወጣና መዳፏ ላይ አኖረላት። አገላብጣ አየቻት። መለሰችለት።

«አስገባው። እያየሁህ።»

አስገባ። ቀጭ ሲል ጆሮዋን አስጠግታ ሰማች። ሽፋኑን ራሷ ዘጋችው። አውራ ጣቷ ነጩ አሻራ ላይ አረፈ፤ እዚያው ትንሽ ቆየ።

«አሁን እኔን አንሳኝ።»

አግዳሚው መሃል ላይ ተቀመጠች። ፌንጣ ካሜራውን ወደ ዓይኑ አነሳ። ክርኑን ከጎኑ ጋር አጣበቀ፣ ቡሩሽ መሰላል ላይ ሲሆን እንደሚያደርገው። በካሜራው ትንሽ መስኮት ውስጥ ግድግዳው ልክ እንደተቀባበት ቀን ነው። ወደ ፊቷ ሊቀርብ አንድ እርምጃ ተራመደ።

እናትየው ከተቀመጠችበት ብድግ አለችና ወደ አግዳሚው ጫፍ ተጠጋች። ከጎኗ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተረፈ። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

ፌንጣ እርምጃውን ወደ ኋላ መለሰ፤ አግዳሚው ሙሉ እስኪገባ ድረስ።