ማህጁብ ያፈነው ሳል

ዙምባራ በተባለው የመለከት ጨዋታ አንድ ነፊ አንድ ድምፅ ብቻ አለው። ቅል በቅል ላይ ተቀጥሎ የተሠራውን ረጅም መለከት ይዞ ተራውን ይጠብቃል፤ ተራው ሲደርስ ይነፋል። አንዱ ነፊ ከጎደለ ዜማው ጥርሱ እንደ ወለቀ አፍ ይሆናል። ማህጁብ ከአሶሳ ወጣ ባለችው መንደሩ የወፍራሙ መለከት ነፊ ነበረ። ደረቅ ሳል ከተጣባው ወዲህ ግን ተራው ሲደርስ የሚወጣው ሳል ሆነ። የአክታ ምርመራው ቲቢ የለብህም አለው፤ ራጁ ሳንባህ ንጹሕ ነው አለው፤ ሽሮፑም፣ ማሩም፣ የሼኹም ዱዓ ጠብ የሚል ነገር አላመጡለትም። ከረመዳን በኋላ ባለው ሰርግ ካልነፋ መለከቱ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ሽማግሌው የቡድኑ አለቃ በአክብሮት ነግረውታል። አክብሮቱ ከስድብ ይልቅ አንገበገበው።

ስለዚህ ለከረመ ሳል አዲስ መድኃኒት የሚሞክሩ ተመራማሪዎች ከተማ መጥተዋል ሲባል ከሁሉ ቀድሞ ተገኘ። ፌቨን የተባለች፣ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች ነርስ ተቀበለችው። መድኃኒቱ ላይሠራ እንደሚችል፣ ለአንዳንዱም ሰው መድኃኒት የሌለበት ክኒን እንደሚደርሰው ሳትደብቅ አስረዳችው። ከዚያም ትንሽ ድምፅ መቅጃ ደረቱ ላይ ለጠፈችለት።

«አባባ ማህጁብ፣ ይህ እስከ ነገ ከእርስዎ አይለይም። ሳልዎን ይቆጥራል። በእሱ መሠረት ጥናቱ ውስጥ መግባትዎ ይወሰናል።»

«ሲስተር፣ ስንት ነው የሚፈልግ፣ ይህ ማሽን?»

ፌቨን አቀረቀረች። ስንት ሳል እንደሚያስገባ መናገር ክልክል ነበር፤ ሰዎች ሆን ብለው እንዳይስሉ የወጣ ደንብ ነው። «እንደ ወትሮዎ ይዋሉ፤ ሌላ ምንም አልልዎትም» አለችው።

መንደር ሲደርስ አብሮ አደጉና የመለከት ጓደኛው ሚፍታህ ደረቱን ገልጦ አየለት።

«ፈተና ነው በለኛ!»

«ሳሌን ይቆጥራል።»

«ወላሂ፣ ያውቁበታል! እኔ ሳዑዲ ልሄድ ስመረመር ሐኪሙ ፊት አንዴ ሳልኩ። አንዴ! በዚያችው መለሱኝ። አንተ ማህጁብ፣ በሽተኛ የሚመርጥ ማን አለ?»

«እንደ ወትሮህ ሁን ብላኛለች እኮ።»

«ፈታኝ መልሱን ይነግርሃል እንዴ? ደግሞስ ትንፋሽ መያዝ ሙያህ አይደል!»

ሙያው ነበረ። ማህጁብ ያን ዕለት ዝንጅብል እያኘከ፣ ሙቅ ውኃ እየተጎነጨ ዋለ። ጉሮሮውን ጉንዳን ሲወረው ጥርሱን ነክሶ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ሳሉን ወደ መጣበት መለሰው። ሚስቱ ብኸይታ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ዳንክ ወይስ ልትሞት ነው?» ስትል ለመሳቅ እንኳ አልደፈረም። ሌሊቱንም ተቀምጦ ነጋለት። ጠዋት መሣሪያውን ሲመልስ እንደ ሙሽራ ኮርቶ ነበር።

ውጤቱ በደረሰ ቀን ፌቨን ወንበር ሳበችለት።

«አባባ፣ አላለፉም። የእርስዎ ሳል ጥቂት ነው። መድኃኒቱ የሚሞከረው ብዙ በሚስሉ ሰዎች ላይ ነው።»

ማህጁብ ሊስቅ አፉን ሲከፍት ሳሉ ቀደመው። ጎንበስ ብሎ፣ ጠረጴዛውን ጨብጦ፣ ደም ሥሩ እስኪገተር ሳለ። ፌቨን ውኃ ይዛ ቆመች።

«አፍኜው ነው፣ ሲስተር» አለ ትንፋሹ ሲመለስለት። «በሽተኛ አትወስዱም ብዬ አፈንኩት።»

ነርሷ ወደ ጥናቱ ኃላፊ ሮጠች። ከግድግዳው ማዶ ድምፅዋ ከፍ ሲል፣ ከዚያ ዝቅ ሲል፣ በመጨረሻም ጸጥ ሲል ሰማው። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

«ኃላፊው አምነውኛል። ግን እርስዎ አሁን ብዙ መሳል እንደሚያስገባ ስላወቁ፣ ዳግመኛ ቢቀዳ ውጤቱ አይታመንም አሉ።»

«እውነቱን ስለ ነገርሽኝ ነው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«መድኃኒቱ ሌላ ቦታስ ይሰጣል?»

«እኔ የማውቀው የለም።»

ሚፍታህ ከግቢው በር ላይ ባጃጅ አስቁሞ ይጠብቀው ነበር። «እህ! አለፍን?» አለ ከሩቅ፣ እጁን እያወዛወዘ።

ማህጁብ ያንን የፈካ ፊት አየ። ምክሩ ምን እንዳደረሰ ቢሰማ ሚፍታህ ዳግመኛ መለከት ከአፉ እንደማያስጠጋ ያውቃል፤ ቡድኑም ሁለት ጉድለት አይችልም።

«መድኃኒቱ አልቋል አሉኝ።»

«ማለፉንስ?»

«አልፌ ነበር።»

«አላልኩህም!» ሚፍታህ ጭኑን መታ። ከዚያ ፊቱ ጠቆረ። «ታዲያ ሰርጉስ?»

«መለከቱን ዛሬውኑ ለአለቃው አድርስልኝ።»

ባጃጁ ተነሣ። ሚፍታህ እስከ መንደር ድረስ፣ የሚበቃ መድኃኒት ሳይኖራቸው ሰው የሚጠሩ እያለ ሐኪሞቹን ሲራገም ሄደ፤ ማህጁብም ሳሉ ፋታ በሰጠው ቁጥር «እውነትህን ነው» ይለው ነበር።