የተዋሰው ክንድ

«አንቺ ደግሞ ምን ልትይ መጣሽ?» አለች ሉሊ፣ ድንኳኑ በር ላይ ቆማ።

እናቷ ወይዘሮ ፍረወይኒ ከፍራሹ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ። በአባቷ ሠልስት ለቅሶ ደራሽ ትመልስ? ምን ነካት? በሩ ላይ አንዲት ጠይም ልጅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ አንድ እሽግ ውሃ ታቅፋ ቆማለች።

«ኢፍቱ ነኝ» አለች። «ልላቀስ ነው የመጣሁት።»

ፍረወይኒ ድምፁን አወቁት። አራት ወር ሙሉ በየጠዋቱ በስልክ የሰሙት ድምፅ ነው፤ መልኳን ገና ዛሬ አዩት። ሉሊ ለአባቷ የደም ግፊት መለኪያ ገዝታ ከአንድ የጤና ክትትል ቢሮ ጋር አስመዝግባቸው ነበር። መለኪያው ክንድ ላይ ይጠመጠማል፣ ቁጥሩ በስልክ በኩል በራሱ ቢሮው ይደርሳል፣ ነርሷ ኢፍቱ አይታ ትደውላለች። ጨው ይቀንሱ፣ እስከ ደምበል ሕንፃ በእግርዎ ይሂዱ፣ ክኒንዎን እንዳይረሱ።

«አባቴ ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው መቶ ሃያ በሰማንያ ነው አላልሽም?» አለች ሉሊ። «‹ጋሼ አብርሃ እንደ ወጣት ናቸው› አላልሽም? ግፊት ነው እኮ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ያፈሰሰው!»

«ብያለሁ። ማለቴ… ያየሁት ቁጥር እሱ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ደጋግሜ አየሁት። ምን እንዳመለጠኝ አላውቅም።»

«ግድ የለም፣ ነገ አለቆችሽ ይነግሩሻል።»

«ኧረ ሉሊዬ፣ በለቅሶ ቤት!» አሉ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ወርቄ። ልጅቷን እጇን ይዘው አስገቡና፣ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል፣ ከፍረወይኒ ጎን አስቀመጧት። ከዚያ ወደ ፍረወይኒ ጆሮ ጠጋ ብለው፣ «ይቺ ናት እንዴ ጉድ የሠራቻችሁ?»

«ዝም በይ አንቺ!» አሉ ፍረወይኒ።

ሻይ መጣ። ፍረወይኒ ተቀብለው ሳይቀምሱ መሬት አስቀመጡት።

አቶ አብርሃ አርባ ዓመት የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። መለኪያው ክንዳቸው ላይ ማበጥ ሲጀምር፣ «ጎማ ነኝ እንዴ በየቀኑ የምትነፉኝ?» ይላሉ። ጾም ሲገባ ደግሞ ገና ሳይነጋ ለኪዳን ጸሎት ኡራኤል መሄድ አመጡ። የመለኪያው ሰዓት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። መጀመሪያ የቀሩ ቀን ቢሮው ለሉሊ ደወለ፤ ሉሊ ከምትሠራበት ሆቴል እንግዳ ጥላ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች መጣች። አለቃዋ ማስጠንቀቂያ ጻፈባት። ልጄ ሥራ ልታጣ ነው ብለው ፍረወይኒ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። በማግስቱ መለኪያውን በራሳቸው ክንድ አሰሩት። ለዛሬ ብቻ ብለው። ኢፍቱ ደውላ፣ «ጎበዝ! ጨው መተዋቸው ያስታውቃል» አለች።

አብርሃ ተመልሰው ይህን ሲሰሙ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ተይው! ሁለቱ አንድ ሥጋ ይሆናሉ ተብለን አይደል የተጋባነው? ያንቺም ክንድ የኔው ነው።»

ዛሬ ብቻ የተባለው ነገ ሆነ፣ ከነገ ወዲያም ሆነ።

«እማማ» አለች ኢፍቱ በሹክሹክታ። «ይቅር ይበሉኝ። ‹ዛሬ ስንት ጎማ ነፋሽ?› ይሉኝ ነበር። ድምፃቸው እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው።»

ፍረወይኒ ወደ ሉሊ አዩ። ቢናገሩ፣ የቀረቻቸው ሉሊ ብቻ ናት፤ ዳግመኛ እናቴ ባትላቸውስ? ባይናገሩ ይህች የሰው ልጅ ከሥራዋ ትባረራለች፤ ሰው ገደልኩ እያለችም ትኖራለች። ሉሊ ምሰሶውን ተደግፋ በኢፍቱ ላይ ለቢሮው የምትልከውን አቤቱታ ስልኳ ላይ ትጽፋለች፤ ጣቷ እንዴት ይፈጥናል!

«ሉሊ፣ ተይው።»

«እማ፣ አንቺ አትግቢበት።»

«ክንዱ የኔ ነው።»

ሉሊ ቀና አለች።

«ቁጥሩ ያባትሽ አይደለም። እሱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እኔ ነበርኩ የምለካው። ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ ብዬ… አስራ ዘጠኝ ቀን። እሷ ምንም አላጠፋችም፤ ያየችው እኔን ነው።»

ንፍሮ የሚቆረጥሙት ሁሉ ወደ ፍረወይኒ ዞሩ። ኢፍቱ በነጠላዋ አፏን ያዘች።

«ያመው ነበር?» አለች ሉሊ ቀስ ብላ።

«ማጅራቴን ይለኝ ነበር።»

«አንቺስ ምን አደረግሽ?»

«ትራስ ቀየርኩለት።»

ሉሊ ፊቷን ወደ ሸራው አዞረች። ከዚያ ሳትዞር፣ ስልኳን ወደ ኢፍቱ ዘረጋች። «አቤቱታውን አንቺው አጥፊው።»

ፍረወይኒ ከሰው ዓይን ለመሸሽ ሊነሱ ሞከሩ። ሦስት ቀን ፍራሽ ላይ የታጠፈ ጉልበት አልታዘዝ አላቸውና ተንገዳገዱ። ወይዘሮ ወርቄ «እኔን!» ብለው ሲነሱ ሉሊ ቀድማቸው ደረሰች። የእናቷን ፊት አላየችም። ዓይኗን ሸራው ላይ እንደተከለች፣ ወገባቸውን አጥብቃ ያዘች።