ሊሮይ ያልነካው ሰሃን

የነሐሴ ፀሐይ የአትላንታን አስፋልት እያቀለጠ ነበር። ተናኘና ሽፈራው ድልድይ ሥር ለሚያድሩ ድሆች ከቤተ ክርስቲያን የመጣ የምስር ወጥ በዳቦ ያድላሉ። ጊዜው ፍልሰታ ስለሆነ እነሱ ራሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም።

ሊሮይ የሚባል ሽማግሌ ሰሃኑን ተቀብሎ፣ ሳይነካው ተናኘን አያት።

«አንቺስ አትበይም?»

«ጾም ነው፤ በኋላ እበላለሁ» አለችው በተሰባበረ እንግሊዝኛ።

«ሁሉም በኋላ ነው የሚለው። የሚያበላኝ ሞልቷል፤ አብሮኝ የሚበላ ግን አላየሁም።» ሰሃኑን በጋዜጣ ከደነና የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «እንግዲያው እጠብቅሻለሁ።»

ተናኘ ሱዳን ውስጥ በስደተኞች መጠለያ ሳለች፣ እርዳታ ሰጪዎቹ ቆመው ሲያዩዋት መብላት ያሳፍራት ነበር። አሁን ሽማግሌው ርቦት ጋዜጣውን ገለጥ እያደረገ መልሶ ሲከድነው አየች። ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ገና ሩቅ ነው። ጭልፋውን አስቀምጣ ወደ እሱ ሄደች።

«ተናኘ፣ ተይ እንጂ!» አለ ሽፈራው ባማርኛ። «ለአንድ ሰካራም ብለሽ ጾም ልትገድፊ?»

«እሱን አስርቤ የምጾመው ለማን ነው?»

አጠገቡ ተቀምጣ አማተበች፤ ዳቦ ቆርሳ ከሰሃኑ አጠቀሰች። ሊሮይም ተከትሏት ጎረሰና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ኧረ ይሄ ያቃጥላል! ብቻዬን ልትፈጁኝ ነበር?»

ተናኘ ሳቀች። ሽፈራው ፊቱን አዙሮ ማደሉን ቀጠለ። ሰልፉ ላይ ቀጥላ የቆመችው ሴት ሰሃኗን ተቀብላ፣ ከፊቱ ንቅንቅ ሳትል «አንተስ?» አለችው።

ሽፈራው ሰዓቱን አየ።