ለመውጣት ዜሮን ይጫኑ

ሥራዬ ጥርስ መሥራት ነው። ሐኪሞቹ የሰውን አፍ ልክ ወስደው ይልኩልኛል፤ እኔ ጄሶ አፈስበታለሁ፣ ጥርሱን በሰም ላይ ደርድሬ፣ ሞርጄ መልሼ እልካለሁ። የአፉን ባለቤት አላየውም። መደርደሪያዬ ላይ ያሉት የጄሶ መንጋጋዎች ቀኑን ሙሉ አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል፣ አንዳቸውም ትንፍሽ አይሉም። እህቴ "ከእነዚህ ጋር እየኖርክ እንዴት አታብድም?" ትለኛለች። ለምጃቸዋለሁ እላታለሁ። ውሸቴን ነው፤ አንዳንድ ቀን ያስጠሉኛል።

በስልክ የሚገባበትን የመልእክት ሰሌዳ የከፈትኩትም ለዚሁ ነው። ኮምፒውተሬን በሞደም ከቤቴ ስልክ ጋር አገናኘሁት። እንደኔ ኮምፒውተርና ሞደም ያለው ሰው ከቤቱ ሆኖ ይደውላል፣ ሞደሙ ያነሳል፣ ሁለቱ ማሽኖች ትንሽ ተፏጭተው ይግባባሉ፤ ከዚያ ደዋዩ ሰሌዳው ላይ ያለውን ያነባል፣ የራሱንም ይለጥፋል። መስመሩ አንድ ስለሆነ የሚገባውም አንድ ሰው ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ወዳጆች ነበሩኝ። አንዱ አገባ፣ አንዱ ሥራ በዛበት፣ ሌላው እንዲሁ ቀረ። እልህ ያዘኝና ሜኑውን፣ ደዋዩ የሚመርጥበትን ዝርዝር፣ እንደ አዲስ ልሥራው ብዬ ተነሳሁ። ሰው የሚቀረው በሜኑ ምክንያት ይመስል!

ሜኑ ሲሠራ ለእያንዳንዱ ምርጫ አንድ መስመር ይጻፋል። የሚጫኑት ቁጥር፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቃል፣ ሲጫኑት የሚሆነው ነገር፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ማን እንዲያየው እንደተፈቀደ የሚናገር ደረጃ። አዲስ እንግዳ አሥር ነው፣ የማውቀው ሰው ሃምሳ፣ እኔ የቤቱ ጌታ መቶ። ደረጃው ያልደረሰ ሰው መስመሩን ጭራሽ አያየውም። እኔ ደግሞ ሰው ቶሎ አላምንም። መልእክት መለጠፍን ሃምሳ አደረግሁት፣ ከእኔ ጋር መነጋገርንም ሃምሳ። አንዱን መስመር እየገለበጥኩ፣ ቃሉን እየቀየርኩ ሌላውን ስሠራ ዋልኩ። ሲያልቅ ራሴ ገብቼ ሁሉንም ሞከርኩት፤ እንከን አይወጣለትም። ለመሰናበቻ ያዘጋጀሁት ገጽማ ያኮራኝ ነበር። "ስለመጡ ደስ ብሎናል፣ ነገም ብቅ ይበሉ" ይላል፤ ዙሪያውን በኮከብ አጥሬዋለሁ። "ደስ ብሎናል" ያልኩት ከማን ጋር ሆኜ እንደሆነ እንጃ።

ከዚያ እንግዳው መጡ። አንድ አመሻሽ ላይ የጄሶ እጄን ስታጠብ ስልኩ ጮኸ፣ ሞደሙ አነሳ። ደዋዩ የሚያዩት ሁሉ በእኔም ስክሪን ይታያል። ማስታወቂያዎቹን አነበቡ፣ ወደ ዋናው ሜኑ ተመለሱ፣ ቀልዶቹ ጋ ገቡ፣ ተመለሱ፣ ደግመው ማስታወቂያዎቹ ጋ ሄዱ። ቤት ሊከራይ የመጣ ሰው ክፍሎቹን እያመላለሰ እንደሚያየው ነው። ፕሮግራሙ የተፈቀደው ግማሽ ሰዓት አልፏል ብሎ ሊያስወጣቸው ሲል ገደቡን አነሳሁላቸው፤ እንደልባቸው ይሁኑ ብዬ። ብዙ ከቆዩ በኋላ መስመሩ ድንገት ተቋረጠ። በማግስቱ ተመለሱ። ደግሞ ዞሩ፣ ደግሞ ድንገት ተቋረጠ። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው።

ሥራ ጨርሼ የምቸኩልለት ነገር አገኘሁ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ስክሪኑ ፊት መቀመጥ ጀመርኩ። ማን ሊያየኝ! ላናግራቸው ብችልም አላደረግሁትም። ከተናገርኩ ይሸሻሉ ብዬ ፈራሁ።

እሁድ ዕለት እህቴ መጣች። ታናሼ ናት፣ የምትኖረው ከከተማው ሌላ ጫፍ ነው።

"ጋሼ፣ ስልክህ ምን ሆኗል? ስደውል ያ ነገር ጆሮዬ ላይ ያፏጭብኛል። ሲመሽ ደግሞ ጭራሽ ተይዟል።"

"እንግዳ አለብኝ።"

"የታለ?" ብላ ዞር ዞር አለች። መንጋጋዎቹ ላይ ዓይኗ አረፈ።

"በስልክ ነው የሚመጡት። ሰሌዳዬን ወደውታል።"

"ማን ይባላሉ?"

"አላውቅም።"

"የእኔንስ ስም ታውቀዋለህ አይደል?"

"አሁን ምን አመጣው ይሄን?"

"ምንም። ከእንግዲህ አልደውልም፣ ጋሼ። ስትፈልገኝ አንተው ደውል።"

እህቴ ስትሰናበት ማለቂያ የላትም። "በል ደህና ሁን፣ በል እሺ፣ በል እንግዲህ፣ ኧረ አንድ ነገር ረሳሁ" እያለች ስልኩን ታሞቀዋለች፤ እኔ "በይ በቃ" ብዬ እዘጋባታለሁ። ያን ቀን ግን በሩ ላይ "ደህና ሁን" ብቻ ብላኝ ሄደች። ቢሆንም እንግዳዬ አሉ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

በማግስቱ ሲመጡ አልቻልኩም፤ መሐል ገብቼ ጻፍኩላቸው።

"እንግዳዬ፣ እንደምን አመሹ? የቤቱ ባለቤት ነኝ።"

ትንሽ ቆይቶ መልሳቸው በየፊደሉ መምጣት ጀመረ። "ውይ! ሰው አለ እንዴ? ተመስገን!"

"አለሁ። ከሰሌዳው የትኛውን ወደዱት?"

"እኔ እንኳ የምፈልገው በሩን ነበር።"

"የቱን በር?"

"መውጫውን። ሁሉም ጋ ገባሁ፣ የለም። ሁልጊዜ ልጄ ስልኩን ስትፈልግ መጥታ ገመዱን ትነቅልብኛለች። ሰው ቤት ገብቼ ሳልሰናበት ስወጣ ደስ አይለኝም። ዛሬ እንኳ በወጉ ልውጣ እያልኩ ነው የምመለሰው።"

ይቅርታ ጠይቄ፣ አንዴ ይጠብቁኝ አልኩና ሜኑውን ከፈትኩት። የመውጫውን መስመር የሠራሁት ከእኔ ጋር መነጋገሪያውን ገልብጬ ነበር። ቃሉን ቀይሬያለሁ፣ ቁጥሩን ዜሮ አድርጌያለሁ፣ መጨረሻ ላይ ያለውን ሃምሳ ግን ረስቼዋለሁ። ያንኑ መስመር ደግሞ በየሜኑው ለጥፌዋለሁ። እኔ መቶ ነኝና ሁልጊዜ ይታየኛል። እሳቸው አሥር ናቸው። መውጫም የላቸው፣ እኔን የሚጠሩበትም የላቸው። ወዳጄ ያልኩትን ሰው ቆልፌባቸው ኖሯል፤ ገደቡንም ያነሳሁት እኔው።

የሚቀየረው አንድ ቁጥር ነው። እውነቱን ለመናገር እጄ ዘገየ። ካልነካሁት ነገም ይመጣሉ። ከነገ ወዲያም ይመጣሉ፣ የማውቃቸው ይመስለኛል፣ ሸሚዜንም እቀይራለሁ። ከመደርደሪያው መንጋጋዎቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። ራሴን ጠላሁት።

ሃምሳውን አጥፍቼ አሥር አደረግሁት።

"አሁን ይመልከቱ፣ ከታች ነው" ብዬ ጻፍኩ።

"አየሁት! እግዜር ይስጥልኝ። ብዙ አስቸገርኩዎት።"

"ነገስ" ብዬ ጀመርኩና መልሼ አጠፋሁት። "ምንም አይደል፣ ደህና ይሁኑ" አልኩ።

"ደህና ይሁኑ። ልጄም ስልኳን ታገኛለች።"

እሳቸውም ዜሮን ተጫኑ። በኮከብ የታጠረው ገጼ ወጣ፤ ከእኔ ሌላ ሰው ሲያየው የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ መስመሩ ተዘጋ።

በማግስቱ ሸሚዜን ቀይሬ ተቀመጥኩ። አልመጡም። በሚቀጥለውም ቀን አልመጡም። ለምን ይመጣሉ? በወጉ ተሰናብተዋል።

በሦስተኛው ቀን የሞደሙን ገመድ ነቅዬ ስልኩን ሰካሁና እህቴ ጋ ደወልኩ።

"ሀሎ?"

"እኔ ነኝ።"

"ጋሼ! ምን ሆንክ?"

"ምንም አልሆንኩም።"

"ምንም ሳትሆን ነው የደወልከው?"

"አዎ።"

ከዚያ ጀመረች። የትንሹ ልጇ የፊት ጥርስ ተነቃንቋል፣ "አጎቴ ሌላ ይሥራልኝ" እያለ ነው። ጎረቤቷ ቤት ቀየረች። ጣሪያዋ ያፈሳል። ጣሪያው ማፍሰስ ከጀመረ ቆይቷል፤ እኔ አልሰማሁም።

"በል ደህና ሁን። በል እሺ። በል እንግዲህ" አለች።

"እሺ" አልኩ።

"ኧረ አንድ ነገር ረሳሁ" ብላ ስለ ጣሪያው ደግማ ነገረችኝ። ሰማኋት።

"በል፣ ዝጋ አሁን።"

"አንቺ ዝጊ።"

"ምነው ዛሬ?"

"እንዲሁ። አንቺ ዝጊ።"

ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅም ትንሽ ቆየች፤ "በይ በቃ" የምላትን እየጠበቀች ይመስለኛል። አላልኩም። በመጨረሻ ቀስ ብላ ዘጋችው። እጀታውን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ተቀመጥኩ፤ ሞደሙን ያን ቀን መልሼ አልሰካሁትም።